ካሜራው እስኪዘጋ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው ሰዎች እኔ ግርማ፣ ጅማ ጊንጆ ውስጥ የስፌት መኪና የምጠግነው፤ ባለቤቴ አለምነሽ፤ ትምህርቷን ጨርሳ ለመጀመሪያ ሥራዋ ወደ መቱ ልትሄድ ሻንጣዋን ያሰረችው አንዲት ልጃችን ሳምራዊት፤ እና አጋሮ አጠገብ የቡና መሬት ያላቸው፣ እንደ ታላቅ ወንድም የማያቸው አባ ቢያ ነን። ሌላ ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን፣ ወዳጄ፣ አንብበህ አንተው ፍረድ።

አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ወይ እንቅልፍ ያጣ ነው ወይ ሥራ የፈታ ነው እያልኩ ነው ልጄን ያሳደግኳት፣ ዛሬም ቢሆን ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ የሆነውን ግን እንዳልሆነ አድርጌ ማውራት ደግሞ ውሸት ነው፣ ውሸት ደግሞ አልወድም።

ካሜራውን መርካቶ ከአንድ ነጋዴ አሮጌውን ገዛሁት፣ ልጄ ከቤት ሳትወጣ በገዛ እጄ አንድ ደህና ፎቶ ላነሳት ፈልጌ ነው። የአሁን ልጆች በስልክ ቀኑን ሙሉ ያነሳሉ፣ ያነሱትን መልሶ የሚያይ ግን የለም። ሳምራዊት ካሜራውን ገና እንዳየችው፣ «አባዬ፣ አውቶ ላይ አድርገው፣ ራሱ ያነሳልሃል» አለችኝ።

«ራሱ የሚያነሳ ከሆነ እኔ ለምን ተሸክሜው እዞራለሁ?» አልኳት። ሰው ያልገባውን ዕቃ መያዝ የለበትም፣ የስፌት መኪናም የተማርኩት ማንም ሳያሳየኝ ፈትቼ መልሼ እየገጠምኩ ነው። ስለዚህ መዘወሪያውን ማኑዋል ላይ አደረግኩና በየማታው ሱቅ ዘግቼ ተለማመድኩ። ነገሩ ሲገባህ ቀላል ነው፣ የሌንሱን ቀዳዳ ታጠባለህ ወይም ታሰፋለህ፣ መዝጊያው ለምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ ብርሃን እንደሚያስገባ ትወስናለህ፣ ከዚያ ብርሃኑ መብቃቱን የምታሳየውን፣ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መርፌ አይተህ መሐል ላይ ስትቆም ትጫናለህ። ከኋላ ያለው ሁሉ ጥርት እንዲል ቀዳዳውን ማጥበብ እንደሚያስፈልግም ተምሬ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር በዚህ እኮራ ነበር።

ሳምራዊት ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት አባ ቢያ እንድንሰናበታቸው ጠሩን። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነው፣ ቡናው ቀልቷል፣ ከላዩ ደግሞ ሰሳ የሚባሉት ትልልቅ የጥላ ዛፎች ቆመውለታል። ምሳ በላን፣ ተጫወትን፣ ሲመሻሽ አባ ቢያ እንደ ልማዳቸው እስከ መኪና መንገድ ሊሸኙን ከፊት ከፊታችን ሄዱ። በእነርሱ ዘንድ እንግዳን ደጃፍ ላይ አይሰናበቱትም፣ ባለቤቱ ቀድሞ ይሄዳል፣ እንግዳው ይከተላል።

ቀጭኑ መንገድ ቡናው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ስንደርስ ብርሃኑ ደስ አለኝና አስቆምኳቸው። ካሜራውን አንድ የተቆረጠ ግንድ ላይ አስቀመጥኩ፣ ሦስቱን መንገዱን ከኋላቸው አድርጌ አሰለፍኳቸው። መርፌዋ ግን ወደ ጨለማው ወገን ተኝታ አልነሳ አለች፣ እኔም መዘወሪያውን እያዞርኩ እታገላለሁ።

«ግርማ፣ ሊጨልም ነው እኮ» አለች አለምነሽ።

«እያንዳንዱን የቡና ፍሬ በስሙ ጠርቶ ካላነሳ አንሄድም» አለች ልጅቷ።

«ተዪው ልጄ፣ የሚማርን ሰው አያቻኩሉትም» አሉ አባ ቢያ። «እኔ ሞባይል ስማር ለማላውቀው ሰው ስንቴ ደውዬ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ሁሉ ጠይቄ ዘግቻለሁ። ወላሂ፣ አንዱ መልሶ ደውሎልኛል።»

እየሳቅን ሳለ ነው የሰማነው። ቡና ሲለቀም ታውቀው እንደሆነ፣ ቅርጫቱ ባዶ ሲሆን ፍሬው ጠብ፣ ጠብ ይላል፣ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ይታፈናል። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ሰው ይለቅም ነበር፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ብዙ ጠበቅን፣ እመነኝ፣ ያ ቅርጫት አይሞላም።

«ለቃሚ ሁሉ ቤቱ አልገባም እንዴ?» አልኳቸው።

«ሁሉም ገብቷል፣ እኔው ነኝ መዝኜ የሸኘኋቸው» አሉና አባ ቢያ ዞረው «ኤኙ?» ብለው ጠሩ፣ ማነህ ማለታቸው ነው። ድምፁ ቆመ። ዛፍ ላይ ሲንጫጩ የነበሩት ወፎችም አብረው ዝም አሉ። አባ ቢያ «ቶሌ፣ ይሁን፣ አንሳና እንሂድ» አሉኝ፣ ቅድም የነበረው ሳቅ ግን ፊታቸው ላይ አልነበረም።

መርፌዋ በመጨረሻ መሐል ላይ ቆመች፣ ቁጥሩ ሠላሳ ይላል፣ ሠላሳ ማለት ደግሞ የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ነው ብዬ ዓይኔን መመልከቻው ላይ ለጥፌ ተጫንኩ። መዝጊያው ቀጭ ብሎ ተከፈተ፣ መመልከቻው ጨለመ፣ ከዚያ ምንም የለም። የመዘጋቱን ድምፅ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ አይመጣም።

«ተበላሸ?» አለች ሳምራዊት።

«አትነቃነቁ።»

«እግሬ ደነዘዘ፣ አባዬ። እኔ ቀድሜ ልሂድና መኪና ላስቁም» አለችና ወደ መንገዱ ዞር አለች።

«ሳይዘጋ ማንም ሰው እግሩን አያነሳም» አልኩ፣ እኔ ቁጣዬ ቤቴ ውስጥ ይታወቃል፣ ሥራ የማይገባው ልጅ ነው ካላለቀ ነገር ላይ የሚነሳው። እያጉረመረመች መለስ ብላ ቆመች። ቀና ብዬ መንገዱን በዓይኔ አየሁት፣ ባዶ ነበር፣ ይህን በእግዚአብሔር ፊት እናገራለሁ። በመጨረሻ ካሜራው ቀጭ አለና ተዘጋ፣ አንዳችንም ሳንራመድ ከላይ የሆነ ነገር ተሰነጠቀ፣ ከሰሳዎቹ ከአንዱ ላይ ሰው የሚያህል ወፍራም ቅርንጫፍ መንገዱ ላይ ወረደ፣ ልጄ ልትራመድበት የነበረው ቦታ ላይ። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በጫማዬ ውስጥ ተሰማኝ።

አለምነሽ ሮጣ ስትሸሽ አንድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ተይዞ ተበጠሰ። አባ ቢያ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ የሳምራዊትን ራስ ይዳስሳሉ።

በኮንትራት መኪና ወደ ቤት ስንመለስ ሳምራዊት ካሜራውን ተቀብላ አየችና፣ «አባዬ፣ ከሠላሳው ጎን ሁለት ትንንሽ ጭረት አለ እኮ። ይህ ሙሉ ሠላሳ ሰከንድ ነው፣ ለዚህ ነው ያልተዘጋው» አለችኝ። ጭረቶቹን አላየኋቸውም ነበር። ስህተቴን አምኜ ተቀበልኩ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ስህተት የለም፣ አውቶ ላይ ባደርገው ኖሮ ልጄን ዛሬ አልጠራትም ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ባልጻፍኩልህ።

ሳምራዊት ፎቶውን ካሜራው መስኮት ላይ አሰፋችው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚንቀሳቀስ ነገር ጢስ ሆኖ ይወጣል፣ ዝም ብሎ የቆመ ጥርት ይላል። ሦስቱም ፊታቸው ፈሶ አይለዩም፣ ሲነቃነቁ ነበራ። ከኋላቸው፣ ቅርንጫፉ የወደቀበት ቦታ ላይ ግን፣ ቅርጫት ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ቆማለች፣ መዳፏን ወደ እኛ ዘርግታለች፣ ጣቶቿ ይቆጠራሉ፣ የሻሿ ጥለት ይነበባል። ያን ያህል ጊዜ ሳይነቃነቅ የሚቆም ሰው አላውቅም። አፏ ብቻ ነው የፈዘዘው። ስታወራ ነበር ማለት ነው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዳችን ግን አልሰማንም።

በሳምንቱ ፎቶውን ከነካሜራው ይዤ ለብቻዬ አባ ቢያ ዘንድ ሄድኩ። ቅርንጫፉን አስከትክተው ከሥሩ ቅጠልና አፈር ብቻ እንዳገኙ ነገሩኝ። ፎቶውን ሳሳያቸው ብዙ አዩት።

«ያውቋታል?» አልኳቸው።

«ዝጋው፣ ኦቦ ግርማ» አሉኝ። ለቃሚዎቻቸው እንደሚሉት ከዚያ ወዲህ የዚያን ረድፍ ቡና አያስለቅሙም፣ ፍሬው እዚያው ይረግፋል።

ሳምራዊት መቱ ደኅና ናት፣ በየቀኑ ትደውላለች፣ እኔም ስልኩ በጮኸ ቁጥር አመሰግናለሁ። አንዳንዴ ግን ያቺ ሴት ምን ስትል ነበር የሚለው ነገር ከሥራ ያስቆመኛል፣ ምክንያቱም ሒሳብ የማውቅ ሰው ነኝ፣ ያን ቀን ሁላችንንም ያስወጣን የመኪናው ኮንትራት፣ የአለምነሽ ጫማ፣ ቅርንጫፉ የሰበረው የአባ ቢያ ሁለት እግር ቡና ነው፣ ተደምሮ አራት ሺህ ብር አይሞላም፣ ለአንድ ልጅ ሕይወት ደግሞ ይህ በጣም ትንሽ ዋጋ ነው፣ ምናልባት ስትነግረን የነበረው ቀሪውን ማን እንደሚከፍል ነው።