ከሚዛኑ በፊት

ኦርሊን ቶሊቨር በሆቴሉ መታጠቢያ ክፍል ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ቁምጣ ብቻ ለብሶ በጎኑ ተኝቷል። ደም የለም፣ የትግል ምልክት የለም፣ በሩም አልተሰበረም።

መርማሪ ሎሬታ ዱጋን ተንበርክካ ብዙ ቆየች። የልጁ ጣቶች አብጠው የኮሌጅ ቀለበቱ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል። ያስመለሰው ነገር ምግብ የለበትም፤ ንጹህ ውሃ ነው። ተነስታ ክፍሉን ዞረች። የሆቴሉ ሁለት ብርጭቆዎች ከነወረቀት ክዳናቸው ተቀምጠዋል። ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ ኩባያ የሚባል ነገር የለም። የቆሻሻ ቅርጫቱም ባዶ ነው።

«ከቧንቧ በእጁ እየጨለፈ ጠጥቶ ይሆናላ» አለ አብሯት የነበረው ፖሊስ።

«ይህን የሚያህል ሰው? በእፍኝ?»

ኦርሊን ከኬንታኪ ኮረብታዎች፣ ብዙ ሰው ስሙን ከማያውቀው ትንሽ ኮሌጅ የመጣ የአሜሪካ ፉትቦል የፊት መስመር ተጫዋች ነበር። የእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ሥራ ኳስ መያዝ አይደለም፤ ኳስ ወርዋሪውን ከሚመጣበት ሁሉ በገላው መጋረድ ነው። የቶሊዶ አንጥረኞች ክለብ በቀጣዩ ሳምንት ከኮሌጅ ልጆች መካከል ይመርጣል። ኦርሊንን ከምርጫው በፊት በቅርብ ሊያየው ጠርቶት፣ ቀጠሮው ዛሬ ጠዋት ነበር።

እናቱ ወይዘሮ ዴልፊን ቶሊቨር ከሰዓት በኋላ ደረሱ። አላለቀሱም።

«ልጄ የሆነ ነገር ወስዷል ይላሉ። እውነት ነው?»

«ማን ነው ያለዎት?»

«ከክለቡ የደወለልኝ ሰውዬ። የተከለከለ መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም፣ ማታ ለጋዜጠኞች እንናገራለን አለኝ። የኔ ልጅ እኮ አስፕሪን እንኳ ሳይጠይቀኝ አይውጥም። በዚህ ስም ከቀበርኩት ሁለት ጊዜ ነው የምቀብረው፣ ልጄ።»

«መጨረሻ ያወሩት መቼ ነው?»

«ትናንት፣ ከእራት በኋላ።» ወይዘሮዋ ትንሽ እንደ ማፈር አሉ። «እየሳቀ ነበር። ‹እማ፣ እስኪነጋ ሽንት ቤት መሄድ ተከልክያለሁ› አለኝ። ቀልድ መስሎኝ እኔም ሳቅኩ።»

ሎሬታ አልሳቀችም። ወጣ ብላ አስከሬኑን ለሚመረምረው ሐኪም ደወለችና ሁለት ነገር ለመነችው፤ የደሙን ጨው እንዲለካላትና አስከሬኑን እንዲመዝንላት።

ከዚያ ወደ ክለቡ ሄዳ ሰዎቹን አንድ በአንድ አነጋገረች። ዋና ሥራ አስኪያጁ ስኮት ሃልቨርሰን አንገቱን ደፍቶ ነበር የተቀበላት።

«ትናንት ሦስት ሆነን፣ እኔ፣ የፊት መስመር አሰልጣኙና መልማያችን፣ ስለ ልጁ ተከራከርን። እኔ ክብደት ያንሰዋል አልኩ። ጠዋት ሳይነገረው ሚዛን ላይ ይውጣ፤ ሦስት መቶ ፓውንድ ካልሞላ ስሙን ከዕጩዎቹ ግድግዳ አንሡት አልኩ።»

«ስለ ሚዛኑ ማን ነገረው?»

«ማንም። ድንገተኛ ነዋ!»

«ስንት ይመዝን ነበር?»

«ሁለት መቶ ዘጠና አንድ። የካቲት ላይ ሁሉም ክለብ እያየ ተመዝኗል።»

የፊት መስመር አሰልጣኙ ቦ ስታውት ማስቲካ እያኘከ ገባ። ሲቀመጥበት ወንበሩ አቃሰተ።

«አልደብቅሽም፣ እኔ አልፈለግኩትም። የአዮዋውን ልጅ ነው የምፈልገው። ኦርሊን እግሩ ዳንሰኛ ነው፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ግን ይልፈሰፈሳል። መልማያችን ክሊማ ነው ሁለት ዓመት የተከራከረለት። ‹ልጅህን መቼ ነው የምትድረው?› እያልን እናሾፍበት ነበር።»

«ክብደቱስ?»

«ሁለት መቶ ዘጠና አንድ፤ ያውም ከነጫማው» ብሎ ሊስቅ ጀመረና ተወው።

ቨርን ክሊማ፣ የክለቡ መልማይ፣ በየኮሌጁ ሜዳ ዳር ሲቆም ያረጀ ሰው ነው። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ያሳዝናል» አለ። «ግን ልንገርዎት፣ እነዚህ ልጆች የማይውጡት ኪኒን የለም። አንድ ቀን እንዲህ እንደሚሆን ጠርጥሬ ነበር።»

«ትናንት ሆቴሉ ሄደው ነበር?»

«አልሄድኩም።»

«ክብደቱ ስንት ነበር?»

«ሦስት መቶ አንድ» አለ ክሊማ።

ሎሬታ አመስግና ሸኘችው። ሐኪሙ መልሶ ሲደውልላት ሦስቱንም የምርጫው ክፍል ሰበሰበቻቸው። በግድግዳው ላይ የልጆቹ ስም በየካርዱ ተደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ቁመት፣ ክብደት፣ የክንድ ርዝመት ተጽፏል። ሰው ሰውን በዚህ ሁሉ ይለካል፤ ልብን የሚለካ ግን ከላይ ያለው ብቻ ነው። ወይዘሮ ዴልፊን በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ኦርሊንን የገደለው ውሃ ነው» አለች ሎሬታ። «ሰው በአጭር ጊዜ ብዙ ጠጥቶ ሳያወጣው ከያዘ፣ የደሙ ጨው ይቀጥንና አንጎሉ ያብጣል። ሐኪሙ ያገኘው ይህንን ነው። ወይዘሮ ቶሊቨር፣ ልጅዎን የገደለው ኪኒን አይደለም።»

እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እንግዲህ፣ ጠግቦ ጠጥቶ ሽንቱን የሚይዝ ሰው ሚዛን የሚጠብቅ ሰው ነው። ሚዛኑን የምታውቁት ግን እናንተ ሦስታችሁ ብቻ ነበራችሁ። ያን ሁሉ ውሃ የያዘ ዕቃም ነበረ፤ አሁን የለም። ስለዚህ ጠዋት ከእኛ በፊት የገባ፣ ዕቃውንም ይዞ የወጣ ሰው አለ።»

ሃልቨርሰን ወደ አሰልጣኙ ዞረ። «አንተ አልወደድከውም ነበር፣ ቦ።»

«አንተ ሰው ጤና የለህም? የማልፈልገውን ልጅ ሚዛን ላሳልፈው? ዝም ብዬ ብቀመጥ እኮ ይበቃኝ ነበር!»

«ልክ ነው» አለች ሎሬታ። «ሥራ አስኪያጁም ድንገት ሊይዘው ፈልጎ ራሱ አያስጠነቅቀውም። የሚያስጠነቅቀው የሚወደው ሰው ነው። ዛሬ ስለ ኦርሊን ክፉ የነገረኝም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያው የሚወደው ሰው። ለምን? ኪኒን ከተባለ ስለ ውሃ የሚጠይቅ የለማ።»

ሎሬታ ወደ ክሊማ ዞረች።

«ሦስታችሁንም ክብደቱን ጠየቅኳችሁ። ሁለቱ የየካቲቱን ነገሩኝ። እርስዎ ግን ሦስት መቶ አንድ አሉኝ። አስከሬኑ ሲመዘን ሦስት መቶ ሆነ፤ ያስመለሰው ቢጨመርበት የእርስዎ ቁጥር ይሆናል። ልጁ ሦስት መቶ ያለፈው በአንድ ሌሊት ብቻ ነው፣ ሚስተር ክሊማ። ያን ሌሊት ሚዛን ላይ ያወጣው ማን ነው?»

መልማይ ስለ ሰው ጠባይ ሊዋሽ ይችላል። በገዛ ዓይኑ ያነበበውን ልክ ሲጠየቅ ግን ምላሱ ይቀድመዋል።

«መኪናዬ ውስጥ ሁሌም ሚዛን አለ» አለ ክሊማ። «ውሃውን በጀሪካን ወሰድኩለት። እኔም ተጫዋች ሳለሁ እንዲሁ አድርጌ ነው ያለፍኩት። ሦስት መቶ አንድ ሲል ተቃቅፈን ዘለልን። ጠዋት እንድቀሰቅሰው ቁልፍ ሰጥቶኝ ነበር። ገብቼ ሳየው… ዕቃዬን ሰብስቤ ሸሸሁ። ስሙንም አጠፋሁ።»

«ሦስት መቶ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ሃልቨርሰን፣ ለራሱ እንደሚናገር። ስታውት ማስቲካውን ማኘክ አቁሟል።

ሎሬታ የምትጠይቀውን ጨርሳ ነበር። ክሊማ ግን ብድግ ብሎ ወደ እናትየው ሄደና ፊታቸው ቆመ።

«አንድ የቀረ ነገር አለ፣ እመቤቴ። ማንም አልጠየቀኝም። ማታ ደውሎልኝ ነበር። ‹ራሴን ሊከፍለኝ ነው፣ ያስመልሰኛል› አለኝ። ‹ያዘው ልጄ፣ እንዳታወጣው፣ እስኪነጋ ነው› አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹እሺ ጌታዬ› አለኝ።»

ወይዘሮ ዴልፊን ሰውዬውን ሽቅብ አዩት።

«ትልቅ ሰው ሲያዝህ እሺ በል ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሲያንገራግር እገርፈው ነበር።»