ከወንበሩ ኋላ ያለው ድምፅ

ዶክተር ትርሲት ጠዋት ቤተ ሙከራዋ እንደገባች መስኮቶቹን በጥቁር መጋረጃ ትሸፍናለች። የሥነ ልቦና ተመራማሪ ናት፤ የምታጠናውም የረጅም መንገድ ሾፌሮችን እንቅልፍ ሲጥላቸው የሚቀሰቅስ መሣሪያ ነው። ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ ወንበርና መሪ ከትልቅ ስክሪን ፊት ተተክሏል፤ ሾፌሩ እዚያ ተቀምጦ ስክሪኑ ላይ የሚመጣበትን አስፋልት ይነዳል፣ ትንሽ ካሜራ ዓይኑን ትከታተላለች፣ የዓይኑ ቆብ ሲከብድ ከፊቱ ካለው ድምፅ ማጉያ የሴት ድምፅ «ንቃ!» ይለዋል። ድምፁ የትርሲት የራሷ ነው። ከዚያች ቃል በቀር የቀዳችው ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ ሐሳብ ውስጥ የከተቷት በጎጃም መስመር ላይ ያረጁት የአውቶቡስ ሾፌር ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ሙከራቸውን ጨርሰው ሲነሡ አመሰገኗትና፣ ከፊት ከሚጮኸው ይልቅ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ እንደወደዱት ነገሯት። ከኋላ ምንም እንዳልተገጠመ ብታስረዳቸው ፈገግ አሉ።

«እሱ እንኳ አይጮህም፣ ልጄ። ‹አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ፤ ትንሽ ሸለብ አድርግ› ነው የሚለው።»

የደከመ አእምሮ ያልተነገረውን እንደሚሰማ ታውቃለችና አልደነገጠችም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን የሙከራውን የድምፅ ቅጂ ደጋግማ አዳመጠች። ለሙከራው የሚከፈተው የሞተር ድምፅና የእሷ «ንቃ!» ብቻ ነበር፤ ከእያንዳንዱ «ንቃ!» በኋላ ግን የሞተሩ ድምፅ ለአፍታ ዝቅ ይላል፣ ሰው ለመናገር አየር ሲስብ የሚሰማው ዓይነት ቀጭን ትንፋሽም ይከተላል።

በማግስቱ የመጣው ሐሰን የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ጋሽ መኩሪያን አያውቃቸውም። ሙከራውን ሳይጨርስ ከወንበሩ ተነሣ፣ ተመልሶ ለመቀመጥም እምቢ አለ። ከወንበሩ ኋላ ያለችው ሴት ደግ መሆኗ እንዳስፈራው፣ ትንፋሿም ማጅራቱን እንዳሞቀው ነገራት። ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑን ከትርሲት አፍ ላይ አላነሣም።

ከሰዓት በኋላ ራሷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ክፍሉ የጋለ አቧራና ለዘመናት ወንበሩ ውስጥ የሰረገ የላብና የናፍጣ ሽታ ይሸት ነበር። ግራጫው አስፋልት ወደ እሷ ይፈስሳል፤ የሞተሩ ድምፅ ከእግሯ ሥር ያጉረመርማል። ሆን ብላ ዓይኗን ጨፈነች። «ንቃ!» አለ የገዛ ድምፅዋ። ከዚያ ሞተሩ ዝቅ አለ፣ የወንበሩ መደገፊያ አንድ ሰው እንደተመረኮዘው ሁሉ ሲጥ አለ፣ የሞቀ ትንፋሽም ጆሮዋ ሥር አረፈ።

«አይዞሽ።»

እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ራሷን ያገኘችው ደጅ ፀሐይ ላይ ቆማ ነው። ሣሩ ላይ የተቀመጡ ተማሪዎች ይሳሳቃሉ። ያኔ ነው ጋሽ መኩሪያ ትዝ ያሏት፤ መሣሪያውን ለሙከራ ብላ ትናንት ከመሄዳቸው በፊት አውቶቡሳቸው ላይ የገጠመችው ራሷ ነበረች፣ ዛሬም ተሳፋሪ ጭነው የዓባይን በረሃ የሚወርዱበት ሰዓት ነው።

ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሣ። ቁልቁለት የሚወርድ ሞተር ሲያጓራ፣ ከሩቅም ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል።

«ጋሽ መኩሪያ፣ መሣሪያውን ያጥፉት! መኪናውን ያቁሙና አሁኑኑ ያጥፉት!»

ከወዲያ በኩል የራሷ ድምፅ በለሆሳስ መለሰላት፦ «ቀስ ብለሽ አውሪ፤ አሁን ገና መተኛቱ ነው።»