የባምላኩ ትንሽ ጣት

የባምላኩን ሬሳ ያገኘችው ሚስቱ ቻይነሽ ናት፤ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ገና በጧቱ። ቡሬ ከተማ ጫፍ ባለው፣ በምርት ጊዜ በሚያድርበት የበርበሬ መጋዘኑ ውስጥ፣ በተዘረገፈ ዛላ ላይ በጀርባው ወድቋል። ማጅራቱ ከሚዛኑ ብረት ጋር ተላትሞ ደሙ ደርቋል።

ከፍኖተ ሰላም የተጠራችው ዋና ሳጅን ሥርጉት ናት። ከተራ ፖሊስነት ተነሥታ በሃያ ሁለት ዓመት እዚህ የደረሰች፣ ትምህርቷ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈ፣ የያዘችውን ነገር እንደ መዥገር የማትለቅ ሴት ነበረች።

«ማንም አልነካውም?»

«ማን ይነካዋል እቴ! ጎረቤት እንኳ ደጃፉን አልረገጠም» አለች ቻይነሽ። «ከትናንት ወዲያ ቢሞት አገር ይሞላ ነበር። ዛሬ ከዳተኛ ነው አሉት፤ ቀሩ።»

ሥርጉት ጎንበስ ብላ እጁን አየች። በርበሬ ሲለቅም የዋለ ሰው እጅ ነው፤ እስከ ክንዱ በብናኝ ቀልቷል፤ ልብሱም እንዲሁ። የግራ እጁ ትንሽ ጣት ብቻ ጫፏ እንደ ሕፃን ጣት ንጹሕ ነበረች። ስልኩ አጠገቡ ወድቋል።

«ስልኩን በምን ነበር የሚከፍተው?»

«በጣቱ። ድሮ በአውራ ጣቱ ነበር። ዘንድሮ በርበሬው ሲደርስ ጣቱ ተላላጠና ስልኩ አላውቅህም አለው። የዛሬ ሁለት እሑድ የኔታ ወልደ ዮሐንስ ከቅዳሴ መልስ ጠበል ጠዲቅ ሊቀምሱ ገብተው ሳለ፣ እሱ ስልኩን ይዞ ሲታገል ቆየና ወደ ትንሽ ጣቱ ቀየረው። ለሰው አትንገሪ ብሎኝ ነበር። ቁልፍ ያዥ አይደለ?»

የሥርጉት የራሷ ስልክ በጣት የማይከፈተው፣ ርካሹ ነው። ነገሩን ሦስት ጊዜ አስደገመቻት።

ዛላ የሚሉት ገንዘብ በስልክ ውስጥ ብቻ የሚኖር ነው። ባንክ የለውም፤ መንግሥት አያትመውም። ደላላ ያማረራቸው፣ ከቡሬ እስከ ጅጋ ያሉ ስምንት መቶ የበርበሬ አምራች ቤተሰቦች እርስ በርስ ይገበያዩበታል። ሲጀምሩት ራስ እንዳይኖረው ተማማሉ። ደንቡን የሚጠብቁ አራት ቁልፍ ያዦች መረጡ፤ ከአራቱ ሦስቱ ጣታቸውን ካላሳረፉ ደንብ አይለወጥም። ጣቱን ያሳረፈ ሰው ስሙ በየሰዉ ስልክ ይጻፋል። አንዴ ከተጻፈ ደግሞ ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይፋቅም።

ዘንድሮ ከቁልፍ ያዦቹ አንዱ፣ ስልክ ሻጩ ቸኮለ፣ «ራስ ያስፈልገናል፤ ራሱም እኔ ልሁን» ብሎ ተነሣ። ሁለቱ ወደዚህ፣ ሁለቱ ወደዚያ ሆኑ። ሕዝቡም ተከፈለ፤ የአንድ ማኅበር ጠጪዎች ጽዋ እስከ መለየት ደረሱ። «ራስ ከበቀለለት ቀንድም ይበቅልለታል» እያለ ከሁሉ የሚከራከረው ባምላኩ ነበር። ትናንት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን የባምላኩ ስም «ራስ ይኑር» ከሚለው ሥር ወጣ። ሦስት ሞላ። በሦስተኛው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ደንብ ሆኖ ይጸናል። ከዚያ በፊት ሦስት ቁልፍ ያዦች ጣታቸውን አሳርፈው ካልሻሩት መመለሻ የለውም።

«ባሌ ጣቱን አላሳረፈም» አለች ቻይነሽ። «ገዳዩን አገኘሽውም አላገኘሽውም፣ እሱ አይነሣልኝም። ስሙን አጥሪልኝ። ከዳተኛ ተብሎ አይቀበርብኝ።»

*

ቸኮለ ሱቁ ውስጥ መስታወት እየወለወለ ነበር።

«አለቃችሁ ማነው?» አለችው ሥርጉት።

«እስከ ነገ ወዲያ የለንም። ከዚያ በኋላ እኔ ነኝ።» ሳቀ።

«ራስ ሳይጠና ጉተና አሉ። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ጅጋ ገበያ። ሚኒባሱ እዚህ ሲያወርደኝ አሥራ ሁለት አልፏል። ረዳቱን ጠይቂው፤ መልስ አልሰጥም ብሎኝ ተጣልተናል።»

«ባምላኩ ስልኩን በየትኛው ጣቱ ነበር የሚከፍት?»

«በአውራ ጣቱ ነዋ! ቁልፍ ያዧ ሜላት አራታችንንም አንድ ላይ አስቀምጣ ነው የመዘገበችን።»

ሌላው ቁልፍ ያዥ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ የሚኖሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ነው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ከቅዳሴ ወጥተው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አጥሩ ላይ የተሰጣው ጋቢ ውሃው ገና ጠብ ጠብ ይላል።

«ጋቢዎ ርሷል የኔታ።»

«ማኅሌት ላይ አድሬ ጠል መታው ልጄ።»

ሥርጉት ሣሩን በእግሯ ዳሰስ አደረገችው፤ ደርቋል። ንፋሱ የሳሙና ሽታ አመጣላት።

«ባምላኩ ወንድሜ ነበር» አሉ መሪጌታ። «ራስ አይኑር ያልን እኔና እሱ ነን። ስንጀምር በሕዝቡ ፊት በወንጌል ምያለሁ፤ ለራስ ጣቴን አላሳርፍም ብዬ። እሱ ለምን እንዳሳረፈ እግዜር ይወቀው።»

«በየትኛው ጣቱ ነበር የሚከፍት?»

«በአውራ ጣቱ መሰለኝ። የናንተን ዕቃ ምኑን አውቄው።»

በማግስቱ ባምላኩ ተቀበረ። ሬሳውን የተሸከሙት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከስድስቱ ሁለቱ ፖሊሶች። ከቀብር መልስ ሥርጉት ፍኖተ ሰላም ገብታ ሜላትን አገኘቻት። የዛላን ሥርዓት በኮምፒውተር የጻፈችው እሷ ናት፤ ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው።

«ለቸኮለ ጣትሽን ያሳረፍሽው ወደሽው ነው?»

«ኧረ እኔ ማንንም አልወደድኩም ሳጅን! ደከመኝ በቃ። በቀን መቶ ስድብ ይላክልኛል። አንድ ሰው ይምራና ዝም ይበሉ አልኩ።»

«በዚያ ሰዓት የት ነበርሽ?»

«ክላስ ውስጥ። እስከ አሥራ ሁለት ሠላሳ ልጅ ሳስተምር ነበር።»

«ሥርዓቱ የትኛው ጣት እንዳረፈ ያሳይሻል?»

«አያሳይም። ስልኩ እሱ ነው ካለ እሱ ነው። እኔ የመዘገብኩት አውራ ጣቱን ነው።»

*

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ሥርጉት ሦስቱን ቁልፍ ያዦችና ቻይነሽን እዚያው መጋዘን ሰበሰበቻቸው። ዛላው እንደተዘረገፈ ነው። የቻለው ሕዝብ ደግሞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ባምላኩ ሲሞት እጁ በርበሬ ነበር» ብላ ጀመረች። «ከአሥሩ ጣት አንዷ ብቻ ተወልውላለች። ስልክ የቆሸሸ ጣት አያነብም። ራሱ ጠርጎ ቢሆን በሌላው እጁ ወይም በልብሱ ይጠርግ ነበር፤ ሁለቱም ከእሷ የባሱ ቀይ ናቸው፤ መልሰው ያቀሏት ነበር። ስለዚህ ሌላ ሰው ወለወላት። እሱ ደግሞ አልተቃወመም፤ ሞቶ ነበርና።»

ቻይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«አሁን ልብ በሉ። የማያውቅ ሰው ቢሆን አውራ ጣቱን ነበር የሚወለውል። ቸኮለ አውራ ጣት ነው አለኝ፤ ሜላትም አውራ ጣት ነው አለችኝ። ሁለቱም የሚያውቁትን ነው የነገሩኝ። የዋሉበትንም አጣርቻለሁ፤ የሚኒባሱ ረዳት ቸኮለን እስካሁን ይራገመዋል። ትንሿን ጣት ቻይነሽ ታውቃለች። እሷ የባሏን ስም ልታጠፋ? እንዲያማ ቢሆን አጥሪልኝ ብላ አትለምነኝም። ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ ያን እሑድ ጠበል ጠዲቅ ሊቀምስ ገብቶ ያየ። እሱም ሲጠየቅ አውራ ጣት ነው አለኝ። የሚያውቀውን ሸሸገኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ መሪጌታ ዞረ።

«የኔታ፣ በኅዳር ሚካኤል ጋቢ ይታጠባል?»

መሪጌታ ዓይናቸውን ወደ ዛላው ጣሉ።

«ጎጃም ውስጥ ሚካኤልን ሽሮ ልብስ የሚያጥብ ደብተራ አላየሁም። የሬሳውን ጣት በጋቢዎ ጫፍ ወለወሉ። ማኅሌቱን በጧፍ ብርሃን ቆሙ፤ ቅላቱ አልታየዎትም። ከቅዳሴ ሲወጡ በፀሐይ አዩት።» ከቤታቸው ያስመጣችውን ጋቢ ከፌስታል አወጣች። ጫፉ ላይ የብርቱካን መልክ ቀርቷል። «የቡሬ በርበሬ በአንድ ሳሙና አይለቅም።»

ሽማግሌው ጥምጥማቸውን አወለቁ።

«ልገድለው አልሄድኩም» አሉ። «ልለምነው ነው የሄድኩት። ሰው አልተዋለደም? የአንድ አጥቢያ ሰው ሰላም አይባባልም፤ ሊተራረድ ነው፣ ራስ ይኑር፣ አንተ አሳርፍ አልኩት። አንቱ ለምን አያሳርፉም አለኝ። ምያለሁ አልኩት። ሳቀብኝ። ገፋሁት... ሚዛኑን አላየሁትም።»

«ከዚያስ?»

«መሐላዬን እንዴት ላፍርስ?»

«ስለዚህ የሬሳ ጣት አሳረፉ።»

ከበሩ በኩል አንድ ሰው በምሬት ሳቀ። ሌላ ሰው አልሳቀም።

ቻይነሽ ዘላ የሥርጉትን ክንድ ያዘች። «ሰዓቱ ስንት ነው እቴ?»

«ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ።»

ሜላት ስልኳን አውጥታ፣ ይሻር ብላ ጣቷን አሳረፈች። መሪጌታም ካቴና በገባበት እጃቸው አሳረፉ። ሁለት ሆነ። ሁሉም ወደ ቸኮለ አየ።

ቸኮለ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«እኔ አልገደልኩም» አለ። «ስለ ባምላኩ አዝናለሁ፤ እውነቴን ነው። ግን ሦስት ጣት ተብሏል፣ ሦስት ጣት አለ።»

«አንዱ የሬሳ ነው!» አለች ሜላት።

«ደንቡ የሬሳ አይሁን ይላል? አንቺ ነሽ የጻፍሽው።»

«ሳጅን፣ እዘዢው!» ብላ ጮኸች ቻይነሽ።

ሥርጉት ለገዳይ ሕግ አላት። ለዚህ የላትም።

«የሚያዘኝ ማነው?» አለ ቸኮለ ቀስ ብሎ። «አለቃ አይኑር ያላችሁ እናንተ አይደላችሁ?»

ቻይነሽ እግሩ ላይ ወደቀች። ሊያነሣት ጎነበሰ፤ ስልኩን ግን አላወጣም። እንዲህ ሆነው ሩቡ ሰዓት አለቀ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሜላት ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ስልክ፣ ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ ያሉት። ቻይነሽ ፊደል አልቆጠረችም። ተነሥታ ሜላትን «አንብቢልኝ» አለቻት።

«የዛላ ራስ ቸኮለ ነው። ጣት ያሳረፉ፦ ቸኮለ፣ ሜላት፣ ባምላኩ።»

«ባምላኩን አውጪው።»

«አይወጣም እትዬ።»

«አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው?»

«እኔም አልችልም።» ሜላት ታለቅስ ነበር። «ማንም እንዳይችል አድርጌ ነው የጻፍኩት።»

ሥርጉት መሪጌታን መኪና ላይ ካስጫነች በኋላ ተመልሳ መጣች። «በመዝገቤ እጽፍልሻለሁ» አለቻት። «ባምላኩ ጣቱን አላሳረፈም ብዬ፣ በማኅተም።»

«መዝገብሽን ማን ያነበዋል?»

መዝገቡ ፍኖተ ሰላም አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ያኛው ስምንት መቶ ቤት ገብቷል።

ቻይነሽ ከተዘረገፈው ዛላ አጠገብ ተቀመጠችና የሻገተውን ከደኅናው ትለይ ጀመር። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ስላላገላበጠው የሻገተው ይበዛ ነበር።