የጠፋው ጭራ

በዚያ ዓመት ካዛንቺስ ፈረሰ። የፀሎት ወላጆች ቤትም አብሮ ሄደ። አባቷ ታመው ሰነበቱና አረፉ። እሷ እናቷን ይዛ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባች፤ ኡራኤል አጠገብ ላለው ሥራዋ በየቀኑ ሦስት ታክሲ ትይዛለች።

የሥራ ባልደረባዋ ደቻሳ እንዲጋቡ የጠየቃት ቤቱ ሊፈርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። ዝም አለች። እሱም እንቢታ ነው ብሎ ተወው። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር በቅሪተ አካል ቤተ ሙከራው ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሠርተዋል። እሷ በመርፌ ድንጋዩን ከአጥንቱ ላይ ትፍቃለች፤ እሱ አጥንቱን ያጠናል።

አጥንቱ በዳይኖሰር ዘመን ይበር የነበረ ተሳቢ እንስሳ ቅሪት ነው። እንስሳው ስም ወጥቶለታል፤ ዘመዶቹ ግን ገና አልታወቁም። ደቻሳ የእያንዳንዱን አካል መልክ በሠንጠረዥ እየሞላ በኮምፒውተር ዘመዶቹን ይፈልጋል።

ፀሎት ከኋላው ቆማ አነበበች።

«ጭራው አጭር ነው አልክ?»

«አምስት አጥንት ብቻ ነዋ ያለው።»

«የተገኘው አምስት ነው። ና እስቲ፣ እየው።»

በማጉያ መነጽሩ አጎንብሶ አየ። የመጨረሻው አጥንት ጫፍ ተሰብሯል።

«ድንጋዩ እዚህ ጋ ነው የተሰነጠቀው። የቀረው እዚያው የተገኘበት ገደል ውስጥ ነው።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ? አንተ ዶክተሩ፣ እኔ አቧራ ጠራጊዋ።»

ሳቀ። «አጭር» የሚለውን አጥፍቶ «አይታወቅም» ብሎ ሞላ። ኮምፒውተሩ ጥቂት ቆየና እንስሳውን ከባለ አጭር ጭራዎቹ አውጥቶ ከጥንቶቹ ባለ ረጅም ጭራዎች መሀል አስገባው። ደቻሳን ለወራት ግራ ያጋባው ረጅሙ አምስተኛ የእግር ጣትም የእነሱው መለያ ነበር።

ደቻሳ ግን «አይታወቅም» የሚለውን ደግሞ አነበበና ወደ እሷ ዞረ።

«ፀሎት፣ ያን ጊዜ ዝም ስትይ... ማለቴ፣ እንቢ ያልሽኝ መስሎኝ ነበር።»

ከጣቶቿ ላይ አቧራውን አራገፈች።

«ያኔ እሺ ብልህ፣ መጠጊያ አጥታ ነው የምትል መሰለኝ። ከዚያ አባዬ ታመመ። አንተም ደግመህ አልጠየቅከኝ።»

«እንዴት ልድገም? መልሱ ያለው አንቺ ጋ ነው።»

«አውቃለሁ። ስምንት ወር ያለብኝ ዕዳ ነው።»

መርፌዋን አስቀመጠች። ቀና ብላ ዓይኑን አየችው።

«እሺ ብያለሁ» አለችው። «ሽማግሌ ላክ።»