አራት ሰከንድ

አምፖሉ ብልጭ ድርግም ሲል ሴና እስክሪብቶዋን ጥላ ወደ ጠረጴዛው ሮጠች። ሳምፕለሩ አልጠፋም። ግማሹ የሞተው ትንሽ ስክሪኑ እንደበራ ነው፤ ከሥሩ ያስቀመጠችው ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ የሚተካው ባትሪ፣ አንዴ «ጢጥ» ብሎ ዝም አለ። ትንፋሿን ለቀቀች። ወዲያው ደግሞ ከፋት። ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ በተገላገለች ነበር።

ሳምፕለሩን ያመጣላት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወተው አጎቷ ቶኩማ ነው። አዲስ አበባ አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ አገኘው፤ ዲስክ የሚያነበው ክፍል ስለተበላሸ ማንም አልፈለገውምና በርካሽ ይዞት መጣ። በዕድሜ ሴናን የሚበልጥ፣ ስምንት የጎማ ቁልፎች ያሉት ግራጫ ሣጥን ነው። የፈለጉትን ድምፅ በማይክ ይቀዱበታል፤ ቁልፉን ሲጫኑት መልሶ ያሰማል። ማቅጠን፣ ማወፈር፣ መቆራረጥም ይቻላል። ዲስኩ ስለማይሠራ ግን የተቀዳው ሁሉ የሚኖረው መብራት እስካለ ብቻ ነው። አምቦ ውስጥ ደግሞ መብራት እንግዳ ነው፤ መጣ ሲሉት ይሄዳል። እናቷ «ከእጅ አይሻል ዶማ» ብለው ስቀውበታል። ሴና ግን በአንድ ዓመት ሃያ ዜማ ሠርታ፣ ሃያውንም መብራት በልቶባት፣ አሁንም ትወደዋለች።

ሃያ አንደኛው እነሆ ስድስት ቀን ኖረ። ነገ ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው፤ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ኃላፊ ቲቸር ጉግሳ የፕሮግራሙ መዝጊያ አድርገውታል። ሴና ሳምፕለሩን ትጫወታለች፣ የጎረቤቷና የክፍል ጓደኛዋ ዱሬቲ ትዘፍናለች። ማሽኑን ሳያጠፉ፣ ከነዩፒኤሱ ለሁለት ተሸክመው እስከ ትምህርት ቤት ሊወስዱት ሁሉ ተስማምተዋል። መንገዱ ዐሥር ደቂቃ ነው፣ ባትሪው ሃያ ደቂቃ ይቆያል።

ችግሩ ያለው አራተኛው ቁልፍ ላይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሴና ማይኩን መስኮቱ ላይ አድርጋ ጀሪካን ውስጥ የሚንጠባጠብ ውኃ ስትቀዳ ነበር። ከአጥሩ ማዶ የዱሬቲ እናት የአዴ ጉዴ ቤት ነው። ልጃቸው ፈዬራ በጉደር መንገድ ሞተር ላይ ሳለ ከሞተ ሁለት ወር ሆኖት፣ ኀዘኑም በረድ ብሎ ነበር። የዚያን ዕለት ግን መርዶውን ዘግይታ የሰማች እህታቸው ከደንዲ መጣች። ዘግይቶ የመጣ ለቀስተኛ የደረቀ ቁስል ይነካል። እህትየዋ ገና አጥሩ በር ላይ ስትጮህ አዴ ጉዴ ከቤት ወጥተው፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ልጃቸውን በኦሮምኛ ተጣሩ፤ «ያ ኢልማ ኮ! ያ ፈዬራ ኮ!» ልጄ ሆይ፣ ፈዬራዬ ማለታቸው ነው።

አራት ሰከንድ ማሽኑ ውስጥ ገባ። ሴና ማጥፋት ነበረባት፤ ይህንን ያኔም ታውቅ ነበር። እሷ ግን ስሙን ቆርጣ አስቀረችና የመጨረሻዋን ረጅም «ኮ» ብቻ ወሰደች። ድምፁን አወፈረችው፣ ከበሮ አስገባችበት። አማረ። እስከ ዛሬ ከሠራችው ሁሉ አማረ፤ የሚያሳፍራትም ይኸው ነው።

በማግስቱ ዱሬቲ መጣች። ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም፣ በዕረፍት ሰዓትም ብቻዋን ትቀመጣለች። ዜማውን ስትሰማ ግን ዐይኗን ጨፍና ማንጎራጎር ጀመረች። «ቀውጢ ነው፣ ሴኑ። ማናት እሷ?» ብላ ጠየቀቻት። ሴና እንጭኒ ያለችው አክስቷ ከብት ስትጠራ እንደሆነ ነገረቻት። ውሸቱ ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዱሬቲ ከትምህርት በኋላ ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም፤ መሳቅም ጀመረች። ክረምት ላይ እንጭኒ ድረስ ሄደን አክስትሽን እናመስግናት ትላለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሴና ውሸት ግን እያደር ይከብዳት ነበር።

ዛሬ ደግሞ ዱሬቲ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ እጇን ይዛ አስቆመቻት።

«ነገ እማዬ ትመጣለች። ፈዬራ ከሞተ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የትም ወጥታ አታውቅም እኮ። ስትዘፍኚ ልስማሽ አለችኝ።»

ሴና ጥሩ ነው ከማለት በቀር ምን ትበል? ዱሬቲ ዐሥር ሰዓት ላይ ለመጨረሻው ልምምድ እመለሳለሁ ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

አሁን ለዐሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ሴና ማሽኑ ፊት ተቀምጣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ታያለች። ልጅ የእናቷን ድምፅ ላትለይ ትችላለች፤ እናት ግን የገዛ ጩኸቷን ቢያወፍሩትም ታውቀዋለች፣ ያውም በሕዝብ ፊት። ገመዱን ብትነቅለው ደግሞ ሁሉም ነገር ያልቃል። መብራት ሄደ ትላለች፤ አምቦ ውስጥ ይህን የማያምን ሰው የለም። ዱሬቲም ታዝናለች እንጂ አትጠይቅም።

እጇ ገመዱን ያዘ። ክረምት ላይ ግን እንጭኒ እንሂድ ትላታለች። አክስትሽ እንዴት ናት ትላታለች። ሴና ገመዱን ለቀቀችው። ከዚያ የማወፈሪያውን ማዞሪያ ወደ ቦታው መለሰችና ቆርጣ ያስቀረችውን ስምም መልሳ አስገባችው።

ዱሬቲ እያንጎራጎረች ገባች። ሴና ከወንበሩ ተነሥታ ቦታውን ለቀቀችላት።

«ዱሬ፣ አክስቴ አይደለችም። እንጭኒ አክስት የለኝም።»

«እና ማናት ታዲያ?» ዱሬቲ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች።

«አንቺ ጉደር አያትሽ ዘንድ የሄድሽ ቀን ነው የቀዳሁት። በዚህ መስኮት ነው የገባው።»

ዱሬቲ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ የሚታየው የራሷ ቤት አጥርና ቆርቆሮ ነው። ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሴና የጆሮ ማዳመጫውን ዘረጋችላት።

«መስማት ካልፈለግሽ አሁኑኑ እነቅለዋለሁ። ከፈለግሽም አራተኛው ቁልፍ ነው።»

ዱሬቲ ማዳመጫውን አጠለቀችና ቁልፉን ተጫነች። አራት ሰከንድ ሆነ። ደግማ ተጫነች። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቃ በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ብትወረውረው ለሴና ይቀላት ነበር።

«ስድስት ቀን ሙሉ፣ በእናቴ ልቅሶ ላይ ስዘፍን ዝም ብለሽ ታይኝ ነበር?»

«አዎ» አለች ሴና።

ዱሬቲ ተነሥታ ወጣች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ፊቷን ግን አላዞረችም።

«እናቴ ሳትሰማው እንዳታጠፊው» አለችና ሄደች።

ሴና ብቻዋን ቀረች። ብዙም ሳይቆይ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ መውረድ ጀመረ፤ ዝናቡን ተከትሎ፣ እንደ ልማዱ፣ መብራቱ ሄደ። ዩፒኤሱ «ጢጥ፣ ጢጥ» ይል ጀመር። ሃያ ደቂቃ። ቅድም እንዲጠፋ የተመኘችውን ነገር አሁን እንዳይጠፋ እየለመነች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ለማንኛውም በስልኳ ልቅዳው ብላ አሰበች፤ ስልኩን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ሳይጠይቁ መቅዳት አንዴ ይበቃታል።

አምስት ደቂቃ አለፈ። ዐሥር ሆነ። ጢጥታው እየፈጠነ ሄደ። ለአዴ ጉዴ ምን እንደምትላቸው አታውቅም። ቢቆጡ ይቆጡ። ቢያለቅሱ ግን ምን ታደርጋለች?

ያን ጊዜ ጭቃው ላይ ኮቴ ተሰማ። የአንድ ሰው አይደለም፤ አንዱ ፈጠን ያለ፣ ሌላው ዘገም ያለ ነው። ሴና ተነሥታ ወንበሩን ወደ ማሽኑ አስጠጋች፣ ማዳመጫውንም ወንበሩ አጠገብ አስቀመጠች። ከዚያ እስኪያንኳኩ ሳትጠብቅ ሄዳ በሩን ከፈተች።