ሰው የመለሰው ቴሌቪዥን

የምነግራችሁ ነገር በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ በሉ... ለመከራከር ጊዜ የለኝም።

የጀመረው ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚርመሰመስበት መንገድ ዳር፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ባሌ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም፤ እወደዋለሁ። ችግሩ እናቱ ናቸው። አብረውን ይኖራሉ፤ ምላሳቸው ከእኔ መቀስ ይበልጥ ይቆርጣል።

የሰሞኑ ጠባቸው ቴሌቪዥን ነበር። ያንን ሆዳም አሮጌ ቴሌቪዥናችንን ባዩ ቁጥር፣ በታናሽ ልጃቸው ቤት የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር እንደሚታይ፣ እዚህ ግን ተጫዋቹና ዳኛው እንኳ እንደማይለዩ ይነግሩኛል። ለባሌ አይደለም። ለእኔ ነው። "ወግ የምታውቅ ሚስት ቢያገባ ኖሮ..." ብለው ይጀምሩና አይጨርሱትም።

መረረኝ። በስፌት ያጠራቀምኳትን ይዤ አፋቸውን ላዘጋ ወጣሁ።

ሦስት አማረጥኩ። አንደኛው ከአቅሜ በላይ ሆነ። ሁለተኛው ከትሪ ብዙም አይበልጥም። ሦስተኛው...

ሦስተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል።

"ያኛውስ?" አልኩ።

"ሙሉ ኤችዲ ነው" አለ ባለሱቁ። "ሰው ገዝቶ የመለሰው ነው።"

"ምን ሆኖ?"

"ምንም። የገዢው ዓይን አልቻለውም።"

አዙሮ ከፈተልኝ። የዓሣ ቅርፊት፣ የቅጠል ሥር... አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሪሲቨሬም ኤችዲ ካልሆነ ምስሉ እንደዚህ እንደማይጠራ እያስረዳኝ፣ እሱ ራሱ ግን ቴሌቪዥኑን አንዴም አላየውም። ከጎኑ ቆሞ እኔን እኔን ያያል።

ዋጋውን ነገረኝና፣ ገና አፌን ሳልከፍት ራሱ ቀነሰው። ሳልከራከረው የቀነሰልኝ ነጋዴ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባላል። እኔ ግን ርካሽነቱ ዓይኔን አሳወረኝ።

"ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ማነው?" ሲል ጠየቀኝ።

"አማቴ።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ትወጃቸዋለሽ?"

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

"እስከ ሰባት ቀን መመለስ ትችያለሽ" አለ። "የዛሬ ሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዘጋለሁ። ከዚያ በኋላ ብትለምኚኝም አልቀበልም።"

ባሌ ደስ ብሎት ገመዱን ሰካካ። አማቴ ወንበራቸውን አፍንጫው ሥር ድረስ አስጠግተው ተቀመጡ። "ይሄም ቴሌቪዥን ተብሎ!" አሉ። እሑድን ሙሉ ግን ከፊቱ አልተነሱም።

ሰኞ ከሥራ ስገባ ቀና ብለው አዩኝ።

"ደከመሽ፣ ልጄ?"

ልጄ...

በስምንት ዓመት ውስጥ "አንቺ" ከማለት በቀር በሌላ ጠርተውኝ አያውቁም። ባሌን ወደ ማድ ቤት ጠርቼ እናቱን አሟቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። እሱ ግን ሳቀብኝ። ሲሰድቡሽ ታኮርፊያለሽ፣ ሲያቆላምጡሽ ትፈሪያለሽ፣ ምን ይሻልሻል አለኝ።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ሻማ ይዤ ስገባ አማቴ ጥቁሩን መስታወት ትክ ብለው እያዩ ፈገግ ብለዋል።

"እማማ... መብራት እኮ ጠፍቷል።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

ዓይናቸውን አላነሱም።

ረቡዕ ኳስ ነበር። ባሌ ከእናቱ አጠገብ፣ እኔ ከኋላቸው። ጎል ገባና ካሜራው ተመልካቹን እያሰሰ አለፈ። ሕዝቡ ሁሉ እጁን አንስቶ ይጨፍራል። ከመሃል አንዲት አሮጊት ብቻ...

አትጨፍርም።

አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች። ክርኑ ላይ መጣፊያ አለው።

ያንን መጣፊያ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አምና ነው። አረንጓዴ ክር አልቆብኝ በቡናማ ክር ብሰፋው፣ አማቴ በጎረቤት ፊት ክር መለየት የማትችል ልብስ ሰፊ ብለው መሳቂያ አድርገውኛል። በአሮጌው ቴሌቪዥን ቢሆን ሹራቡም አይለይ። በዚህኛው ግን ቡናማው ክር ሳይቀር ታየኝ፤ ሁለት ቦታ ላይ ጠመም ያለችው ስፌት ጭምር። ሰፊ የእጁን ሥራ አይስትም።

ቀስ ብዬ ወንበሩ ላይ ወዳሉት አማቴ ጎንበስ አልኩ። ያንኑ ሹራብ ለብሰዋል።

የክርናቸው ክር አረንጓዴ ነው።

ስፌቱም ከእኔ ስፌት ያምራል።

ሐሙስ ዜና እያየን ነበር። ጋዜጠኛው ገበያ መሃል ቆሞ ያወራል። ከጀርባው አማቴ ሰው እየገፉ ወደ ፊት መጡ። ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ ተከሉ። ድምፃቸው አይሰማም፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል። የስምንት ዓመት ስድብ ከዚያ ከንፈር ላይ ለቅሜያለሁ፣ ማንበብ አላቃተኝም።

"አውጪኝ።"

የባሌን እጅ ጨበጥኩ። "አየሃቸው?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ማንን?"

"እናትህን... እዚያ ውስጥ።"

"እናቴ ይቻትና አጠገቤ። ዝም በይ፣ ልስማበት።"

ወንበሩን ትንሽ ወደ ፊት ሳበ። አጠገቡ ያሉት ደግሞ ዞር ብለው ለእኔ ብቻ ፈገግ አሉ።

ያኔ አወቅሁ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እሳቸው አይደሉም። እውነተኛዋ አማቴ እዚያ ውስጥ ናቸው፤ ቴሌቪዥኑን ከመለስኩት ምናልባት ይወጣሉ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገርና ፍረዱብኝ። ዓርብ ደስ አለኝ። የገባሁበትን ሰዓት የሚቆጥርብኝ ጠፋ። የሠራሁት ምግብ "እጅሽ ይባረክ" ተብሎ ተበላ። ሳላለቅስ ተኛሁ። እዚያ ውስጥ ያሉት በየድራማው መስኮት፣ በየማስታወቂያው ጥግ ብቅ ባሉ ቁጥር ሪሞቱን አንስቼ ጣቢያ ቀየርኩባቸው። አንዴ በሁለት እጃቸው ሲለምኑኝ አየሁ። እሳቸው ሲለምኑ ማየቱም ደስ አለኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሰባተኛው ቀን።

ባሌ ዕረፍት ላይ ስለነበረ ከእናቱ ጋር ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ቀረ። እኔ መስፊያ ቤቴ ገባሁ። ሥራ አልነበረኝም። ያለቀ ቀሚስ አውርጄ ስፌቱን ፈታሁ፣ መልሼ ሰፋሁት፣ እንደገና ፈታሁት። ሰዓቱን አየሁ። አሥራ አንድ። አሥራ አንድ ተኩል። ታክሲ ብጠራ እደርስ ነበር።

አልጠራሁም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሞላ... አለፈ። እፎይ ብዬ በሬን ዘጋሁ።

ቤት ስደርስ ባሌ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ቦርሳዬን ከእጄ ወሰደ። "እንኳን ደህና መጣሽ፣ የኔ እመቤት" አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። ጫማው በር ሥር ጥንድ ሆኖ፣ አፍንጫው ከግድግዳው እኩል ተስተካክሎ ተቀምጧል። የእኔ ባል ጫማውን አንዱን ሳሎን፣ አንዱን መኝታ ቤት የሚጥል ሰው ነው።

"አንተ..." አልኩ።

ቀና ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁ።

የአውቶቡስ መናኸሪያ ነው። መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ ይተራመሳል። ከመሃሉ ባሌ ቆሟል፤ በቤት ልብሱ፣ በባዶ እግሩ። አጠገቡ እናቱ አሉ።

ሲያየኝ ፊቱ በራ። እጁን አውለበለበልኝ። እንደማወጣው እርግጠኛ ነው፤ ለአፍታም አልተጠራጠረም።

ከዚያ እናቱ ጆሮው ላይ ጎንበስ አሉ። ረጅም ነገር ነገሩት። በጣታቸው እያመለከቱ... ወደ እኔ።

ሁሉንም ነገሩት። እያየሁ ዝም እንዳልኩ። ጣቢያ እንደቀየርኩ። ሰባት ቀን እንደነበረኝ።

ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁት። ከዓይኑ ሥር ያለችው መስመር፣ የከንፈሩ መንቀጥቀጥ፣ አንድም ነገር አላመለጠኝም። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ።

ደረሰኙ ላይ ባለው ስልክ ለባለሱቁ ደወልኩ። አይነሳም። አሥራ ሰባት ጊዜ ደወልኩ።

አሁን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ይህን በስልኬ የምጽፈው ሳሎኑ በር ላይ ቆሜ ነው። ሳሎን ያሉት ሁለቱ በወንበሮቻቸው መካከል ሦስተኛ ወንበር አስቀምጠዋል። አይጎትቱኝም። ልብሴን እንኳ አልነኩም።

"ነይ፣ ልጄ" አሉ ሴትየዋ። "ቆመሽ ደከመሽ።"

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ባሌ አሁንም ጀርባውን እንደሰጠኝ ነው።

እናቱ ግን አልዞሩም። ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ፣ መንገደኛውን በክርናቸው እየገፉ፣ አጠገባቸው አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ እያበጁ ነው።