ሰደፉ ላይ የተለጠፈው ዋንዛ

ጠጋ በሉ። በሩን የዘጋው ማነው? መወርወሪያውንም ጣሉበት። እኔም ልጄን ወደዚህ ላድርገውና እነግራችኋለሁ።

ጊዜው ድሮ ነው። ሰዓቱ ከብት ገብቶ ጅብ ሳይወጣ፣ ያቺ የመሀል ሰዓት ናት። መንገዷ ገደል ለገደል የምትሄድ ቀጭን መንገድ ናት። ሰው የላት፣ ቤት የላት። በዚያች መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ትከሻው ላይ ጠመንጃ አለ። ጠመንጃው ግን የእሱ አይደለም።

የማን ነው? ቆዩ፣ እሱም ይመጣል።

ሰውየው ይስማው ይባላል። ጠመንጃ አዋቂ ነው። የሚገዛም ሰው፣ የሚወርስም ሰው እሱን ነው የሚጠራው። ይስማው ጠመንጃውን ይከፍተዋል፣ አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አድርጎ ከኋላ በውስጡ ያያል። ያሸተዋል። ሰደፉን በጥፍሩ ይፍቃል። ከዚያ «ይሄ ጭስ ቤት ተሰቅሎ የኖረ ነው፤ ይሄ ጌታው ግራኝ ነበር» ይላል። ብረት ለእሱ ታሪኩን ይነግረዋል። ይስማው ንጹህ ነው ያለው፣ ንጹህ ነው። ማንም አይከራከረው።

ያን ቀን የጠሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ሁለት ቤተሰብ ደም ተቃብቶ ነበር። ጓዴ የሚባል ሰው ተገድሎ፣ ገዳዩ ሸሽቶ፣ ወንድ እርሻ መውጣት የፈራበት ዘመን ነበር። በስንት ልመና እርቅ ተገኘ። የገዳይ ወገን ለጓዴ እናት ላም ሰጠ። ጠመንጃም ሊሰጥ ነው። ግን በዚያ አገር ሕግ አለ። ሰው የተገደለበት ጠመንጃ ለዚያው ሰው ካሳ አይሰጥም። ልጇን የገደለ ብረት ከእናት ግድግዳ ይሰቀላል? አይሰቀልም። ይስማውን የጠሩት ለዚህ ነው። አይቶ፣ ንጹህ ነው እንዲል።

ይስማው አየ። የድሮ ወታደር ጠመንጃ ነው። ውስጡን ዝገት በልቶታል። በብሎኑ ሥር አፈር አለ። ተቀብሮ ነበር ማለት ነው። ሰው ጠመንጃ ለምን ይቀብራል? ሊደብቀው ነዋ።

ሰደፉ በቅቤና በጥላሸት ታሽቷል። በጥፍሩ ፋቀው። እንጨቱ የፈረንጅ እንጨት ነው። ጥጉ ላይ ግን የልጅ መዳፍ የምታህል የዋንዛ ቁራጭ ተለጥፋለች።

ጥፍሩን አነሳ። ለምን አነሳ? ገዳዩ ሲሸሽ ወድቆ ሰደፉ ተሰብሮ ነበር። ስባሪውን ከሬሳው አጠገብ አገኙት። የጓዴ እናት ያንን ስባሪ ይዘው ሲያለቅሱ ይስማው በዓይኑ አይቷል። ልክ የልጅ መዳፍ ያህል ነበር።

«አባ ጎሹ፣ ይሄ እኮ ያ ነው» አለ ለትልቁ ሽማግሌ፣ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ ልጄ። ሌላ ጠመንጃ የላቸውም። አይሆንም ካልክ እርቁ ይፈርሳል፣ እንደገና መተላለቅ ነው። መቃብሩን ማን ሊቆፍር ነው? አንተ እንደሁ ለጎመን መደብም ትሰንፋለህ።»

ይስማው ምን ይበል? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

«ንጹህ ነው» አለ።

ንጹህ ነው ያለው ሰው ራሱ ይዞ ያደርሰዋል። ወጉ ነው፤ ወገኖቹ ሳይማማሉ አይተያዩም። «መሽቷል፣ እደር» አሉት። «አራስ አለችብኝ። ልጁም ገና ክርስትና አልተነሳም» ብሎ ወጣ።

ይኸው፣ መንገዷ ላይ ደረስን።

ከኋላው ሰው አሳለ። ዞር አለ፣ ማንም የለም። ሄደ። የረጠበ አፈር ሸተተው። ዝናብ ግን ከጠፋ ከርሟል። ሄደ። ጠመንጃው ከበደው፣ ሰው እጁን አፈሙዙ ላይ እንዳስደገፈ። ሄደ። ቀና ሲል አንድ ሰው በጎኑ ይሄዳል። ነጭ ጋቢ ለብሷል።

«ወንድሜ፣ ጠመንጃ አዋቂ ነህ አሉ።»

«ነኝ።»

«ይሄ የት ተሠራ?»

«ባሕር ማዶ።»

«የት ከረመ?»

«አፈር ውስጥ።»

«እኔም» አለ ሰውየው።

ይስማው ሊሮጥ አሰበ። እግሩ ግን ከሰውየው እግር ጋር እኩል ይራመዳል።

«የመጨረሻው ጥይት የት ገባ?»

 ሰውየው ቀደመው። ከፊት ነጭ የነበረው ጋቢ ከኋላው ጥቁር ነው። ደም ደርቆበት ነው የጠቆረው።

«ለእናቴ ንገራት። አንተ ካልነገርክ፣ ከቤትህ የሚናገር አለ።»

ከዚያ መንገዷ ባዶ ሆነች።

እማማ ዘርፌ፣ የጓዴ እናት፣ ደጃፍ ቆመው ጠበቁት። ከኋላቸው የጓዴ ታናናሽ ወንድሞች ተቀምጠዋል። ጎረምሶች ናቸው፤ ዓይናቸው ጠመንጃው ላይ ነው።

«አየኸው ልጄ?»

«አየሁት እማማ።»

«አንተ ካየኸውማ ምን ቀረ። እነዚህን እንኳ እንድቀብር አላደረገኝም፣ ተመስገን።»

ይስማው አፉን ከፈተ። ጎረምሶቹን አየ። ቢናገር ዛሬውኑ ይነሳሉ። አፉን ዘጋ። አሮጊቷ ጠመንጃውን ተቀብለው ሰደፉን ሳሙ። ከንፈራቸው የት አረፈ? ዋንዛው ላይ።

ቤቱ ገባ። በሩን ዘጋ፣ እንደ እናንተ መወርወሪያ ጣለ። ሚስቱ አትጠገብ ልጇን እያጠባች ነበር።

«ምነው ፊትህ?»

«ደክሞኝ ነው።»

ውጭ ሰው አሳለ።

«ይስማው፣ የመጨረሻው ጥይት የት ገባ?»

ይስማው አፉን በሁለት እጁ ያዘ። አትጠገብ ግን ምንም አልሰማችም። የሰማው ልጁ ነው። ጡቱን ለቀቀ። ዓይኑን ገለጠ። በጎልማሳ ድምፅ፣ በሻከረ ድምፅ፣

«ከኋላዬ። ከትከሻና ከትከሻዬ መሀል» አለ።

እናቱ ጣለችው? አልጣለችውም። እናት ልጇን የት ትጥለዋለች? አጥብቃ አቀፈችው። ክርስትና ተነሳ፣ ጠበል ተጠመቀ። አደገም። ቀን ቀን እንደ ልጅ ይስቃል። ያቺ የመሀል ሰዓት ስትደርስ ግን ውጭ ሰው ያስላል፣ ልጁም ይመልሳል። አባቱ ዳግመኛ ጠመንጃ አላየም፤ አይቶም ምን ይበል?

ስለዚህ የሰው ጠመንጃ ተሸክማችሁ ብቻችሁን አትሂዱ። ያያችሁትን አላየሁም ብላችሁማ፣ ጭራሽ።

እስቲ ዝም በሉ።

ከእናንተ ማነው ያሳለው? ማንም?

ታዲያ ልጄ ምን ብሎ ነው ዓይኑን የገለጠው?